ጆሮዬ ውስጥ ያስገባኋቸው ነገሮች

ይህን ስታነቡ እጃችሁ ላይ የክብሪት እንጨት፣ የእስክሪብቶ ክዳን ወይም የሞተር ቁልፍ ካለ በመጀመሪያ አስቀምጡት። አስቀመጣችሁ? እንግዲያው የኔን ጉድ ልንገራችሁ። የምነግራችሁ እንድትስቁብኝ ነው፤ ስትስቁ ደግሞ አንድ ሁለታችሁ ከዛሬ ጀምሮ እጃችሁን ከጆሯችሁ ላይ ታነሱ ይሆናል።

ስሜ ቶማስ ነው። ወላይታ ሶዶ፣ ወደ አርባ ምንጭ በሚያወጣው መንገድ ዳር ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ሥራውን ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ቶማስ ብላ የምትጠራኝ ባለቤቴ አስቴር ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል። ይህ ስም የወጣልኝ በካቻቢቴ ምክንያት ነው። የሞተሩ በሽታ አልገባኝ ሲል የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አስነካለሁ፣ እጀታውን ቀኝ ጆሮዬ ፊት ካለው አጥንት ላይ አስደግፋለሁ፣ ከዚያ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ብረቱ ድምፁን ይዞልኝ ይመጣል። ኩሽኔታው ይሁን ቫልቩ፣ ሰንሰለቱ ይሁን ፒስተኑ፣ አንድም ብሎን ሳልፈታ እናገራለሁ። ከተበላና ከበዴሳ ከተሞች ድረስ የተበላሸ ሞተራቸውን በመኪና አስጭነው የሚመጡት ይህን ጆሮ ብለው ነው።

በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ነገር በደንብ አውቄያለሁ። የሞተር ባለቤት ይዋሻል። «ምንም አልነካሁም ዶክተር፣ ዝም ብሎ ነው የጠፋው» ይለኛል። ካርቡሬተሩን ስከፍተው ቤንዚን የሚያልፍባት፣ የመርፌ ጫፍ የማታስገባዋ ቀዳዳ በሽቦ ተፈልቅቃ አገኛታለሁ። ያን ጊዜ ድምፄ መንገዱን ተሻግሮ ይሰማል። «የማታየው ቀዳዳ ውስጥ ሽቦ የከተትከው ምን ልታወጣ ነው? እዚህ ውስጥ ምን አስቀምጠህ ነበር?» እላለሁ። ሰውየው አንገቱን ይደፋል፣ እኔም ደስ እያለኝ እጠግንለታለሁ።

ይህን የሚለው ሰውዬ እንግዲህ ጆሮውን በሞተር ቁልፍ ሲኮረኩር የኖረ ነው።

እውነቱን እንነጋገር፣ ጆሮ መኮርኮር ደስ ይላል። ይህን ሳይናገር ምክር የሚሰጥ ሰው ራሱ ኮርኩሮ የማያውቅ ነው። እኔ በፕሮግራም ነበር የምኮረኩረው። ጠዋት በክብሪት እንጨት፣ ከምሳ በኋላ በሞተር ቁልፍ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ በዶሮ ላባ። አስቴር የፀጉሯን ሽቦ የምትደብቀው ከሌባ ሳይሆን ከኔ ነው። ከመርካቶ ያመጡልኝ የኩክ መጥረጊያ ጥጥ ደግሞ ለበዓልና ለእንግዳ ቀን የተቀመጠ ነበር። «ንጹሕ ሰው ነኝ» እል ነበር፣ እንዲያውም ጆሯቸውን የማይኮረኩሩ ደንበኞች ያሳዝኑኝ ነበር።

ችግሩ የጀመረው አንድ ቅዳሜ ገላዬን ስታጠብ ነው። ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ውሃ ገባና ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ዘለልኩ፣ በአንድ እግሬ ቆሜ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፣ አልተከፈተም። የበዓሉን ጥጥ አውጥቼ አስገባሁና አሽከረከርኩት። ሳወጣው እንጨቱ ራሰ በራ ሆኖ መጣ። ጥጡ የት ሄደ ብዬ ወለሉን ፈለግሁ፣ ፎጣውን አራገፍኩ። ጆሮዬን ግን አልጠረጠርኩትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓለም ተቀየረ። ቆሎ ስቆረጥም ጭንቅላቴ ውስጥ ወፍጮ ቤት የተከፈተ ይመስለኛል። ድምፄም ለራሴ እንደ ነጎድጓድ ስለሚሰማኝ ሳላስበው ዝቅ አድርጌ መናገር ጀመርኩ። በሃያ ዓመት ትዳራችን እንዲህ በለሰለሰ አንደበት ውሃ ስጪኝ ብያት አላውቅም። አስቴር ጸሎቷ የተሰማ መስሏት ሁለት ቀን ዝም ብላ አየችኝ። በሦስተኛው ቀን በቀኜ ቆማ ስትጠራኝ ሳልመልስላት ስቀር ነው ነገሩ የጸጋ ሳይሆን የጆሮ መሆኑ የገባት።

በዚያው ሰሞን የአስቴር አክስት እማማ ወርቄ ከቦምቤ መጥተው እኛ ጋ ነበሩ። አገጬን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩኝና፣ «ታ ናአው፣ ብርድ ነው የገባበት» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ በወላይትኛ ልጄ ከተባልኩ ደግሞ እምቢ ማለት አልችልም። አንዲት ነጭ ሽንኩርት ልጠው፣ በቢላዋ አቅጥነው፣ እሳት ዳር ሞቅ አደረጉና ጆሮዬ ላይ ሰኩልኝ። ሙቀቷ ደስ ሲለኝ፣ ተኝቼ ሳለ በአውራ ጣቴ ትንሽ ገፋ አደረግኋት። ትንሽ ነው ያልኩት፣ ልብ በሉልኝ።

ጠዋት ሽንኩርቷ የለችም። ትራሱን አራገፍን፣ አልጋ ሥር በባትሪ አየን። እማማ ወርቄ አይጥ ወስዷታል ብለው ፈረዱ። ወደ ቦምቤ እስኪመለሱ ድረስ ያንን አይጥ ሲረግሙት ከረሙ። ምስኪን አይጥ።

ከዚያ በኋላ ሽታው መጣ። መለዋወጫ የሚሸጥልኝ ጎረቤቴ ሸምሱ በየጠዋቱ ሱቁን ሲከፍት አፍንጫውን ይይዛል። «ዶክተር፣ ዛሬም ከሌሊቱ ጀምሮ ቁርጥ በዳጣ ነው?» ይለኛል። እኔ ቁርጥ ከበላሁ፣ ነጭ ሽንኩርት የሚበዛበትን ዳጣም ከቀመስኩ ሳምንት አልፎኛል። ሸምሱ ግን አያምነኝም፣ ሳልጋብዘው የበላሁ መስሎት አኩርፎ ነበር።

መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ጆሮዬን ሳታይ፣ «ኢንፌክሽን ነው» ብላ ባለሁለት ቀለም እንክብል ሰጠችኝ። ጨረስኩት፣ ጆሮዬ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ቀኝ ጎኔን ለበሩ ሰጥቼ ስለተቀመጥኩ ስሜ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አልሰማሁም። ከኔ በኋላ የመጡ አራት ሰዎች ገብተው ወጡ። በመጨረሻ የጽዳት ሠራተኛዋ በመጥረጊያ እንጨት ትከሻዬን ነክታ፣ «አባባ፣ የርስዎ ተራ እኮ አለፈ» አለችኝ። አባባ! አርባ ስድስት ዓመቴ ነው።

ውስጥ ያለው ባለሙያ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «ትኩሳት አለህ?» አለኝ።

«የለኝም። ጆሮዬ ነው።»

«ራስ ምታትስ?»

«ከጆሮዬ የተነሣ ትንሽ...»

«ደም ስጥ።»

ደም ሰጠሁ። ታይፎይድም ታይፈስም ተገኘብኝ። አገራችን ውስጥ ደሙን ሰጥቶ ሁለቱን ያላገኘ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። «ጆሮዬስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አብሮ ይለቅሃል» አለኝ። አሥር ቀን መድኃኒት ዋጥኩ። የለቀቀኝ የምግብ ፍላጎቴ ብቻ ነበር።

እስከዚህ ድረስ እንደ ቀልድ ነው ያለፍኩት። ቀልዱ ያለቀው እስራኤል የመጣ ቀን ነው።

እስራኤል የተበላ ከተማ ልጅ ነው፣ በሞተር ሰው እያመላለሰ ነው የሚኖረው። በጠዋት መጣና፣ «ዶክተር፣ ዘይት ብቻ ቀይርልኝ፣ ዛሬ ገበያ ስለሆነ ቶሎ ልመለስ» አለኝ። ዘይቱን ቀይሬ፣ ለወጉ ያህል ካቻቢቴዬን አስነካሁ። ደነገጥኩ። ጓ፣ ጓ፣ ጓ የሚል ከባድ ድምፅ። እንዲህ ያለ ድምፅ የምሰማው የውስጥ ኩሽኔታ ሊበተን ሲል ነው። «በዚህ ሞተር ሰው ጭነህ ወደ ተበላ አትወርድም» አልኩት። እስራኤል፣ «ለኔ እኮ ደህና ነው የምትሰማኝ» አለ። «አንተ ምን ትሰማለህ!» ብዬ ሞተሩን አስተኝቼ እስከ ሆዱ ዘርዝሬ ፈታሁት።

ኩሽኔታው እንደ አዲስ ነበር። ፒስተኑ ንጹሕ፣ ሁሉም ነገር ንጹሕ። የተፈቱት ብረቶች ጨርቅ ላይ ተደርድረው እኔን ያዩኛል። እስራኤል የቢራ ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ ውሏል፣ የገበያ ቀኑም አልፎበታል። መልሼ ስገጥም መሸ። አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሞተሩን ሲያስነሣ ብቻ፣ «ደህና ነበረች አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። የሠራሁበትን አልተቀበልኩም፤ ግን ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

ወሬ እግር አለው፣ የሶዶ ወሬ ደግሞ ሞተር አለው። በሳምንቱ መንገድ ማዶ ያለው መስፍን ጋራዥ ደጃፍ ስድስት ሞተር ተሰልፎ አየሁ። እኔ ጋ የሸምሱ ዶሮ ብቻ ነበረች። መስፍን ጥሩ ሰው ነው፣ ሥራም ያውቃል፣ ግን ካቻቢቴ ጆሮው ላይ አድርጎ አያውቅም። የተሰለፉት የኔ ሰዎች ናቸው። ያን ዕለት ፈራሁ። እጄ ቢሰበር ሌላ ሰው ብሎኑን ይፈታልኛል። ጆሮዬን ግን ማን ያውሰኛል? ይህ ጆሮ ከጠፋ እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ዘይት ቀያሪ ነኝ። ልጆቼን ያሳደግሁበት፣ ሰው ዶክተር ብሎ የሚያከብረኝ ይህ አንድ ቀዳዳ ነው ብዬ ተጨነቅሁ።

የተጨነቀ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ነው የሚያደርገው። እኔ የማውቀው ካርቡሬተር ነው። ካርቡሬተር ሲደፈን ምን አደርጋለሁ? በኮምፕሬሰር እነፋዋለሁ።

ዓርብ ቀን ነበር። ሸምሱ ለጁምዓ ሰላት መስጊድ ሄዷል፣ ደንበኛ የለም፣ የምታየኝ ዶሮዋ ብቻ ናት። ግፊቱን ቀነስኩት፣ ሞኝ አይደለሁማ። የመንፊያውን አፍ በጨርቅ ጠረግሁ፣ ንጽሕና ጥሩ ነው። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ደቅኜ እጀታውን ነካ አደረግሁት።

ጷ!

ዳሞታ ተራራ ከቦታው ተነሥቶ በፊቴ አለፈ። ተመልሶም አለፈ። የማስታውሰው፣ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጆሮዬ ውስጥ የማያቋርጥ ፉጨት እየሰማሁ መሬቱን በሁለት እጄ ይዤ እንደነበር ነው። ጆሮዬን ስነካው ጣቴ ላይ ጠብታ ደም አየሁ። በጋራዥ ጨርቅ ጠረግሁትና ጨርቁን በርሜል ውስጥ ጣልኩት። ለሸምሱም ለአስቴርም አልተናገርኩም። ምን ብዬ ልናገር?

ማታ ራት አልበላም ስል አስቴር በግራዬ ዞራ ተቀመጠች። «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። «መስፍን ጋ ስድስት ሞተር ቆሟል» አልኳት፣ ሌላ መናገር አልቻልኩም። «ሰኞ ሆስፒታል እንሄዳለን። ጆሮ ብቻ የሚያይ ሐኪም አለ። አልሄድም ካልክ እኔ ተሸክሜህ እሄዳለሁ» አለች። ታደርገዋለች።

ሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎናችን አንዲት እናት አራት ዓመት የምትሆን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ልጅቷ ጆሮዋ ውስጥ ቦሎቄ ከታለች። እናቲቱ አፍራ፣ «ልጅ ስለሆነች ነው እንጂ፣ ትልቅ ሰው እንዲህ ያደርጋል?» አለችን። «ኧረ የት!» አልኩ። አስቴር አየችኝ። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ፖስተር አነበብኩ። ልጅቷ ግን ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም፣ የሥራ ባልደረባዋን ያገኘች መሰለኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። ግንባሩ ላይ መብራት አስሯል። ገና እንደተቀመጥኩ፣ «ጋሼ ቶማስ፣ ምን አስገቡበት?» አለኝ።

«ምንም» አልኩ። «ዝም ብሎ ነው የተዘጋው።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አወቅሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ አሁን የመጣው ከኔ አፍ ነው።

«ዶክተር፣ እኔ ልንገርህ» አለች አስቴር፣ ወንበሯን ሳብ አድርጋ። «ክብሪት። የሞተር ቁልፍ። የዶሮ ላባ። የኔ የፀጉር ሽቦ፣ ሁለቱን ሰብሮብኛል። የእስክሪብቶ ክዳን። ጥጥ ያለው እንጨት። አንዴ ደግሞ ሰርግ ላይ በሹካ ጫፍ ሲሞክር ይዤዋለሁ።»

«ሹካውን አላስገባሁትም» አልኩ።

«ስላየሁህ ነዋ!»

ሐኪሙ ሁሉንም ጻፈ። ከዚያ ጆሮዬን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ በመብራቱ አየ። «ይቅርታ፣ ይህ ሽታ...» ብሎ ቀጭን ቆልማማ ብረት አነሣና፣ በጣም ቀስ ብሎ ስቦ አንድ ነገር ነጭ ሳህን ላይ ጣለ። የጠቆረች፣ ያበጠች፣ የሸተተች። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየናት።

«አይጡ!» አለች አስቴር። «ምስኪን አይጥ! እማማ ስንት ጊዜ ረገሙት!»

ቀጥሎ ጥጡ ወጣ፣ ወለሉ ላይ የፈለግሁት ያ ጥጥ። ሐኪሙ ጣቱን ወደ ሳህኑ እየቀሰረ፣ «ከዚህ ኋላ ደግሞ የደረቀ ኩክ አለ» አለ። «በገዛ እጅዎ እየገፉ ታምቡሩ ላይ ጠቅጥቀውታል። በለብ ያለ ውሃ እናጥበዋለን።» ታምቡር የሚለው በጆሮ መጨረሻ ላይ የተወጠረችውን ስስ ቆዳ ነው፣ ድምፅ የሚመታው እሷን ነው። መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ውስጥ ውሃ ሞላ። «ይህ ምንም አያስቸግርም፣ ታምቡሩ ደህና ከሆነ። ሌላ ያጋጠመዎት ነገር የለም አይደል? ድንገት ማዞር? ደም?»

አስቴር፣ «የለም፣ ይህ ብቻ ነው» አለችልኝ።

ሲሪንጁ ወደ ጆሮዬ መጣ። በዚያች ቅጽበት አንድ የቆየ ደንበኛዬ ትዝ አለኝ። ቤንዚን ታንኩ ውስጥ ውሃ መግባቱን አፍሮ ደበቀኝ። እኔም ሳላውቅ አስነሥቼ ነዳሁት፣ ሞተሩ ተበላሸ። ያን ቀን፣ «አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረ?» ብዬ ጮኼበታለሁ። አሁን ሞተሩ እኔ ነኝ።

«ቆይ!» አልኩ። «ቆይ ዶክተር። ኮምፕሬሰር።»

የሐኪሙ እጅ አየር ላይ ቀረ። «ምን አሉኝ?»

«ኮምፕሬሰር። ጎማ የሚነፋው። ዓርብ ዕለት ጆሮዬን ነፋሁት። አዞረኝ፣ ትንሽ ደምም ነበረው።» ከዚያ ከሐፍረቴ የተነሣ፣ «ግፊቱን ቀንሼ ነው» ብዬ ጨመርኩበት።

አጠገባችን የቆመችው ነርስ አፏን በእጇ ይዛ ወጣች። ከኮሪደሩ ሳቋ በግራ ጆሮዬ ተሰማኝ። አስቴር ግን አልሳቀችም።

«ቶማስ» አለች።

ሐኪሙ ሲሪንጁን አስቀመጠው። «ጋሼ፣ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለኝ፣ ከልቡ ነበር። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ውሃው በቀዳዳው አልፎ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር፣ ይህም መግል ሊያስይዝና ነገሩን ሊያባብሰው ይችል ነበር። ስለዚህ በውሃ ፋንታ በቀጭን መምጠጫ መሣሪያ ኩኩን ጥቂት በጥቂት ሳበው። የኔ መሣሪያ ይነፋል፣ የሱ ይስባል፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ መሰለኝ፣ ስድስት ዓመት መማር የሚያስፈልገው ግን ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። በድንገት በሩ ሲጥ ሲል ሰማሁ። ውጭ ያቺ ልጅ ስታለቅስ፣ የነርሷ ጫማ ወለሉን ሲነካ፣ ሁሉም በቀኜ በኩል መጣ። ፉጨቱ ግን አልሄደም።

ታምቡሩ ጥግ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ነበረች። «ብዙ ጊዜ በራሱ ይደፈናል» አለ ሐኪሙ። «ካልተደፈነ ቀዶ ሕክምና አለ። ከስድስት ሳምንት በኋላ እናያለን። እስከዚያ ውሃ እንዳይነካው፣ በኃይል አይናፈጡ። ወደ ውስጥ ደግሞ ምንም አይገባም።»

«ካቻቢቴስ?» አልኩና ነገሩን ሁሉ፣ የእስራኤልን ሞተር ጭምር ነገርኩት። ሐኪሙ ደስ ብሎት ሰማኝ። ጆሮ ሲደፈን ከውጭ የሚመጣው ድምፅ ይቀንሳል፣ በአጥንት በኩል የሚመጣው ግን ይጎላል አለኝ። ቆሎው ወፍጮ የሆነብኝ፣ የእስራኤል ደህና ሞተር ጓ ጓ ያለብኝ ለዚህ ነው። «እንግዲያው እኔ አልተሳሳትኩም!» አልኩ። አስቴር፣ «ተሳስተሃል» አለች።

የዚያን ቀን ሐኪሙ የነገረኝን በኔ ቋንቋ ልንገራችሁ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚሁ ነው። ኩክ ቆሻሻ አይደለም፤ የጆሮ ቅባት ነው፣ ሞተር ዘይት እንደሚያስፈልገው ማለት ነው። አቧራውን ይይዝና ስናወራና ስናኝክ ራሱ ወደ ውጭ ይወጣል። የኛ ሥራ ደጁ ላይ የደረሰውን በእርጥብ ጨርቅ፣ በጣታችን ጫፍ ጠረግ ማድረግ ብቻ ነው። ጣት የማይገባበት ቦታ የኛ ሰፈር አይደለም። እንጨት ስናስገባ አንዷን ፍርፋሪ አውጥተን አሥሯን እንገፋለን። ደርቆ ከተዘጋ፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ ማለስለሻ ጠብታ ወይም ንጹሕ የወይራ ዘይት፣ በእጅ ሞቅ ተደርጎ ሁለት ሦስት ጠብታ፣ በጎን ተኝቶ ጥቂት ደቂቃ መቆየት ነው፤ ለጥቂት ቀን ይህን ካደረጉ ራሱ ይለቃል። ይህ ግን ሕመም፣ ፈሳሽ፣ ደም፣ ማዞር ለሌለው፣ ታምቡሩም ተቀዶ ለማያውቅ ሰው ነው። ከነዚህ አንዱ ካለ ወይም መስማት በድንገት ከቀነሰ በቤት ምንም ሳይነኩ ጆሮ ወደሚያይ ባለሙያ መሄድ ነው። ነጭ ሽንኩርት ለወጥ ነው። ስለ ኮምፕሬሰር መናገር ያለብኝ አይመስለኝም።

ስድስቱ ሳምንት ረጅም ነበር። አስቴር ቤት ውስጥ ያለውን ክብሪት ሁሉ ሰብስባ ለጎረቤት ሰጠች፣ ላይተር ገዛች። ላባው ከነዶሮው ታረደ። ገላዬን ስታጠብ ቫዝሊን የነካ ጥጥ ጆሮዬ ደጃፍ ላይ የምታደርገው እሷ ነበረች፤ እኔን አላመነችኝም፣ ልክ ናት። ሲያሳክከኝ እጄን ከሥሬ አድርጌ እቀመጥበት ነበር። በግራ ጎኔ ስተኛ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከሩቅ ይሰማኝና፣ እንዲህ ሆኖ ቢቀርስ እያልኩ እፈራ ነበር። አንዳንዴ አስቴር ትነቃና እጄን ትይዘዋለች። ሸምሱ ደግሞ የሽታውን ምክንያት ሲሰማ ስቆ ስቆ ሱቁን ዘግቶ ሄደ፣ በማግሥቱ ግን እሱ ራሱ ቁርጥ ጋበዘኝ።

አንድ ቀን እስራኤል መጣ፣ ሞተሩ ላይ ትልቅ የሙዝ ዘለላ ጭኖ። «ዶክተር ታመመ ሲሉ ሰማሁ» አለ። ያን ቀን ስላጠፋሁበት ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ምክንያቱንም ነገርኩት። ሽንኩርቷ ላይ ስደርስ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሲወጣ፣ «ስትድን ሞተሬን ታያታለህ፣ ለመስፍን አልሰጥም» አለኝ።

ስድስት ሳምንት ሞላና ሐኪሙ ጆሮዬን አየ። «ተደፍኗል» አለኝ። የመስማት ችሎታዬንም በመሣሪያ ለካ፣ ደህና ነው አለ። ፉጨቱ ከሳምንታት በፊት ሳላስተውለው ሄዷል። እኔ ግን ሞተር ሳልሰማ አላምንም አልኩ፣ ለራሴ ነው ያልኩት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋራዡን ስከፍት፣ ከአርባ ምንጭ መንገድ በኩል አንድ ሞተር እየተንተፋተፈ መጣ። ጥቁር ጭስ ይተፋል። ገና ከሩቅ ድምፁ ከብዶታል፣ ቤንዚን አብዝቶ እየዋጠ እንደሆነ ያስታውቃል። ሲቀርብ ነጂው የራስ ቁሩን አወለቀ። ሐኪሙ ነበር።

«ጋሼ ቶማስ፣ አሳፈረኝ፤ ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ» አለኝ።

ካቻቢቴዬን ከመስቀያው አወረድኩ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ቀኝ ጆሮዬ ፊት አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ። መጣ። ቫልቩ ቀጭን ሆኖ፣ ሰንሰለቱ ትንሽ ላልቶ፣ ኩሽኔታው ለስልሶ፣ ሁሉም በየቦታው፣ በየድምፁ። ሸምሱ ከሱቁ ወጥቶ ቆሟል። መስፍን ማዶ ሆኖ ያያል። እንባዬ መጣ፣ ጭሱ ነው እንዲሉ ወደ ጭሱ ዞርኩ።

ሞተሩን አጥፍቼ ካርቡሬተሩን ፈታሁ። ቤንዚን የምታልፍባት ቀዳዳ ተፈልቅቃለች፣ ጠርዟ ላይ የሚያበራ ጭረት አለ። ወደ ብርሃኑ አንሥቼ አየኋት። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞርኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ልክ እንደሱ።

«ዶክተር» አልኩት፣ «ምን አስገቡበት?»

«ምንም» አለ። «ዝም ብሎ ነው...»

እኔም አየሁት። ሸምሱም አየው። ሐኪሙ አንገቱን ደፋ።

«መርፌ» አለ።